ሬሳ ያለበት ቤት አይፈርስም

ጋሽ ቴባን የሞተው አፍራሾቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። በሰባ አራት ዓመቱ አንድም ነገር በሰዓቱ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ ሞቱን ግን በሰዓቱ አደረሰልን ብለን ሳቅን። እየሳቅን ሣጥን አስመጣንለት።

እኔ ፑሪንግ እባላለሁ። ማኒላ ውስጥ በቦዩ ዳር በተደረደሩት ሠላሳ ሁለት ቤቶች ሰው ሲሞት ጸሎት የምመራው እኔ ነኝ። ቄስ የሚመጣው ለቀብር ነው፣ እሱም ሲመቸው። ሬሳው በመድኃኒት ተጠብቆ ቤት በሚቆይበት ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የምጸልየው፣ ሴቶቹን የምቆጣው፣ ደንቡን የማስከብረው እኔ ነኝ። ደንባችን ደግሞ ብዙ ነው። ሬሳ ያለበት ቤት አይጠረግም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሲወጣ እስከ በር አይሸኝም። ላመጣው ነገርም አመሰግናለሁ አይባልም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመቁጠሪያው ነገር ነው። በሟቹ እጅ ላይ የተጠመጠመው መቁጠሪያ፣ ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ክሩ በመቀስ መቆረጥ አለበት። ካልተቆረጠ ሟቹ ሰው ይጎትታል። መጀመሪያ ከገዛ ቤቱ፣ ቤቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ግድግዳ ከሚጋራው ጎረቤት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስቼ አላውቅም ነበር።

አፍራሾቹ በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ቀይ ቆብ ያደረጉ ወደ አርባ የሚሆኑ ወንዶች፣ ዲጂኖና መዶሻ ተሸክመው። ሰፈራችን የገበያ አዳራሽና አርባ ፎቅ ሊሆን ነው፤ ሥዕሉን ከቦዩ ማዶ ሰቅለውታል። ሥዕሉ ላይ ቦዩ ሰማያዊ ነው፤ የሣለው ሰው መቼም አፍንጫ የለውም። እኛ የልማት ተነሺዎች ተብለን ከከተማ ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ሜዳ ላይ ቦታ ተሰጥቶናል። ሰዎቹ የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ ቴባን ከሣጥኑ መስተዋት ሥር ተጋድሞ፣ ሻማ በግራና በቀኙ በርቶለት አገኙት። አለቃቸው ቆቡን አውልቆ አማተበ።

"ስንት ቀን ነው የምታቆዩት?" አለኝ።

"ዘጠኝ።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያማ ቀብር ነው። አሁኑኑ አፈርሳለሁ ካልክ ግባ፤ እኔ አልይዝህም። እሱ ይይዝህ እንደሆነ እንጃ።"

"ኧረ እትዬ፣ እኔም የእናት ልጅ ነኝ" አለና ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ።

ቤቶቻችን ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ናቸው። አንዱን ሲነቅሉ መደዳው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከጫፍ ቤት የተጋደመ አንድ ሬሳ ሠላሳ ሁለቱን ቤት ጠበቀ። ከጫፍ ያለው የጋሽ ቴባንና የእህቱ የሳቤል ቤት ነው። ቀጥሎ የኒካኖር፣ ሦስተኛው የእኔና የልጄ የሜልባ፣ አራተኛው የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የኦስሙንዶ።

ሌላው ሰው የሚጨነቀው ስለ ቤቱ ነው። እኔ የምጨነቀው ስለ ሰባት ደቂቃ ነበር። የሜልባ ኩላሊቶች ሁለቱም ሥራ አቁመዋል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደሟ በማሽን ካልታጠበ አትኖርም። ሆስፒታሉ ከቤታችን ሰባት ደቂቃ ነው። የሚያመላልሳት ኒካኖር ነበር፣ በባለሦስት እግር ብስክሌቱ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ወንደላጤ፣ ባቱ የጭነት ገመድ የሚያህል። ሳንቲም ተቀብሎኝ አያውቅም። ገንዘብ ሳወጣ "ተዪው አማቴ፣ ከጥሎሽ ላይ ይታሰባል" እያለ ይስቃል፤ ሜልባም ከኋላ ሆና "አማትህን ይዘህ ሂድ፣ እኔ የለሁበትም" ትለዋለች። የተሰጠን ሜዳ ላይ ግን ሆስፒታል ቀርቶ ጥላም የለም። ሜዳው ለሜልባ መቃብሯ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ዘጠኙ ቀን አለቀ። የጋሽ ቴባን ሣጥን ሊዘጋ ሲል መቀሴን ከኪሴ አወጣሁ፤ በዚያው ቅጽበት ሜልባ ከወንበሯ ተንሸራትታ መሬት ወደቀች። መቀሱን ጥዬ ሮጥኩ። ውሃ ረጭተን ነፍስ ስትዘራ ቀና ብል፣ ሣጥኑ ተዘግቶ በወንዶቹ ትከሻ ላይ ወጥቷል። ረሳሁት። ይህን እግዜር ፊት ቆሜም እላለሁ፤ የመጀመሪያውን ረሳሁት።

በማግስቱ ጠዋት አፍራሾቹ ሲመጡ ሳቤል በራፏ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ስትለቅም ነበር። አለቃው "ደኅና አደሩ እናቴ" አላት። አልመለሰችም። ቀረብ ብሎ ትከሻዋን ነካ ሲያደርጋት ሩዙ ከነሰፌዱ ከጭኗ ላይ ፈሰሰ። በድንጋጤ ወደ ኋላ ሄዶ ቦዩ ውስጥ ሊገባ ለትንሽ ነው የተረፈው።

"እትዬ፣ ይቺ ደግሞ መቼ?" አለኝ።

"አሁን አብረን አየናት እኮ።"

"ሌላ ዘጠኝ ቀን?"

"ምን ላድርግልህ? ሂድና እሷን ጠይቃት።"

ሰፈሩ በዚህኛው አልሳቀም። ደስታው ግን ነበረ፤ ታፍኖ ነበረ። ሴቶቹ ሾርባ ሲያማስሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር። ወንዶቹ በረንዳ ላይ ካርታ ሲጫወቱ አንዱ "ሳቤል ነፍሷን ይማር፣ ለሰፈሯ የምታስብ ሴት ነበረች" ሲል ሰማሁት።

በአምስተኛው ቀን ኦስሙንዶ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ይህ ሰው ወረቀት ይወዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ሞኝ አይደለም፣ ግን ከብብቱ ሥር ፋይል ጠፍቶ አያውቅም።

"እትዬ ፑሪንግ፣ የቴባንን ክር ቆርጠሽዋል?"

"ምን አገባህ?"

"አንድ የሚያገባኝ ነገር አለ። ይግባኛችን ተቀባይነት አግኝቷል። ዳኛው ለማየት ሁለት ወር ይፈልጋል። ሁለት ወር ብቻ ቤቶቹ ከቆሙ፣ ጠበቃው እንዳለው፣ መቶ በመቶ እዚሁ እንቀራለን።"

"ታዲያ እኔ ዳኛ ነኝ?"

"ሞት የእግዜር ነው" አለ ፋይሉን እያሻሸ። "መቀሱ ግን ያንቺ ነው።"

ወንበሬን አንሥቼ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ቃሉ ግን ተከተለኝ። ሁለት ወር ማለት ሜልባ አሥራ ስድስት ጊዜ ማሽኑ ላይ ትተኛለች ማለት ነው። በጣቴ ቆጠርኩት፤ ጸሎት እየመራሁ ቆጠርኩት።

ሳቤል በምትቀበርበት ጠዋት ኒካኖር ሣጥን ሊሸከም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጸጉሩን ቀብቶ ወደ ኋላ አስተኝቶታል። ጎተት አድርጎ ጥግ አስያዘኝና ድምፁን ቀነሰ።

"አማቴ፣ ይሄ ስለ ክሩ የሚያወሩት እውነት ነው እንዴ?"

"ማን ነው ያወራው?"

"ሁሉም። አሁን የእነሱ ቤት ባዶ ሆነ አይደል? ቀጣዩ ግድግዳ እኮ የኔ ነው።" ሊስቅ ሞከረ። "ገና ሚስት አላገባሁም፤ እንዳታስጨርሺኝ።"

"እቆርጠዋለሁ። አትፍራ" አልኩት።

ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። ሬሳዋ ላይ ጎንበስ አልኩ፣ ጀርባዬን ለሰው ሰጠሁ። መቁጠሪያው በሳቤል ጣቶች መካከል ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። መቀሱን ከፈትኩ። ከክሩ ጎን፣ ባዶ አየር ላይ፣ ቀጭ አደረግኩት። ድምፁን ሁሉም ሰማ። ኒካኖር ትንፋሹን ለቀቀና ሣጥኑን በግንባር በኩል አነሣ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ዛሬ ለራሴ የምለው ነገር አይጠፋም ነበር።

ሦስት ቀን ዝናብ ጣለና አፍራሾቹ ቀሩ። አራተኛው ቀን የሜልባ የሆስፒታል ቀን ነበር። ኒካኖር ሁልጊዜ ከሁለት ሰዓት በፊት ደወሉን ያንቃጭላል፤ በዚያን ዕለት አላንቃጨለም። ወጥቼ አየሁ። ብስክሌቱ ግድግዳው ሥር ቆሟል፣ እሱም ኮርቻው ላይ ተቀምጧል፣ ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ። እጆቹ ግን መሪው ላይ አልነበሩም። ደረቱ ላይ ተቆላልፈው ነበር። የቀኝ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የሆነች ትንሽ ነገር ይዘው ነበር፤ ቀረብ ብዬ ስመለከት ምንም አልያዙም። በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት የአንዲት የመቁጠሪያ ፍሬ ያህል ነበረች። ባሸው፣ ባፍታታው፣ ጣቶቹ አልላቀቅ አሉኝ።

ሜልባን በዚያ ቀን በጀርባዬ አዝዬ ሆስፒታል አደረስኳት።

እንግዲህ ሦስተኛው ለቅሶ ተጀመረ። አፍራሾቹ መጥተው አዩ፣ አለቃው ከሩቅ አማትቦ ሳይጠይቀኝ ተመለሰ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዎቹ ደግ ሆኑ።

በመጀመሪያው ቀን አንዷ ጎረቤት ለሜልባ የዝንጅብል ገንፎ አመጣች። በሁለተኛው ቀን ሦስት ሴቶች አመጡ። ሁሉም ሲገቡ አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቃሉ። "ዛሬስ እንዴት አደረች?" ደኅና አደረች ስላቸው ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ይወርዳል። አንዷን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ "አመሰግናለሁ" ስላት አፌን በመዳፏ ልትከድነው እጇን ዘረጋች። "ኧረ እትዬ፣ እንዲህ አይባልም" አለችኝ። በር ድረስ ልሸኛት ብነሣ "አትሸኚኝ፣ አትሸኚኝ" ብላ ሮጠች። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይህ ደንብ ሬሳ ያለበት ቤት ደንብ ነው። ሬሳው ደግሞ ያለው ከግድግዳው ወዲያ ነው።

በአራተኛው ቀን የገዛ ቤቴን ልጠርግ መጥረጊያ ሳነሣ የኦስሙንዶ ሚስት ገብታ ከእጄ ወሰደችብኝ። "አይጠረግም" አለች፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። መጥረጊያውን ይዛው ሄደች።

በአምስተኛው ቀን ውጪ ወጥቼ ወንበሮቹን አየሁ። ለቀስተኛው የሚቀመጥባቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ፊታቸው ወደ ኒካኖር በር መሆን ነበረበት። ወደ እኛ በር ዞረዋል። ማንም ሲያዞራቸው አላየሁም። ሰዎቹ ተቀምጠው ቢስኩታቸውን ይበላሉ፣ ዝም ብለው በራችንን ያያሉ። እኔን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ከልብ ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።

በሰባተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ መጣች። እጆቿን እያሻሸች ቆመች።

"እትዬ፣ ሜልባ ጥሩ ፎቶ አላት?"

"ለምን?"

"እንዲሁ ነው። ፊቷ ሳያብጥ በፊት የተነሣችው ካለ ብዬ ነው። የቴባን ፎቶ እኮ በጣም አሮጌ ነበር፣ ሰው አላወቀውም።"

ከቤቴ አስወጣኋት፤ በደንቡም በሌላውም አይደለም፣ በጥፊ ነው። አልተቆጣችም። ጉንጯን ይዛ "ይገባኛል፣ ሐዘንተኛ ነሽ" ብላኝ ሄደች።

በዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለቴባን እንግዳ ነበርኩ፣ ለሳቤል እንግዳ ነበርኩ፣ ለኒካኖር እንኳ ጎረቤት ነበርኩ። ነግ በእኔ ማለትን ለሰው ስመክር የኖርኩ ሴት፣ ነገ በእኔ በር ላይ ወንበር አስቀምጦ እስኪጠብቀኝ ድረስ አላሰብኩትም። ክፉ ሴት ነኝ አልልም። ሜልባ እንድትኖር ፈለግኩ፤ ለዚህ ብዬ የሰው ሕይወት ከፈልኩ፤ ራሷን ሊያስከፍሉኝ ሲመጡ ጮኽኩ። ስሙን እናንተ አውጡለት።

የኒካኖር ቀብር ዕለት ጠዋት ኪሴን ዳበስኩ። መቀሱ የለም። የልብስ ሣጥኔን ፈተሽኩ፣ የለም። ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ፤ ስድስት መቀስ የምትሰቅልበት ሚስማር ባዶ ነው። "ይህን ሰሞን ጠፍተውብኝ" አለች፣ ጉንጯ ገና ቀይ ነው። ቤት ለቤት ዞርኩ። መቀስ የለም፣ ቢላ የለም፣ ምላጭ የለም። አንዱ ቤት አሣ በእጃቸው ሲቦጫጭቁ አየሁ። ሁሉም "ይቅርታ እትዬ" ይሉኛል፣ ሁሉም ወንበር ይስቡልኛል። ሠላሳ ሁለት ቤት ሙሉ የሚቆርጥ ነገር አልነበረም።

ወደ ሣጥኑ ስመለስ ኦስሙንዶ ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

"በቃ ይዘጋ" አለ።

"አልቆረጥኩም።"

"አውቃለሁ።"

"ኦስሙንዶ፣ የሚቀጥለው ግድግዳ የእኔ ነው። ከሜልባ በኋላ እኔ ነኝ። ከእኔ በኋላ አንተ ነህ። ቆጥረሃል?"

"ቆጥሬያለሁ። እስከዚያ ዳኛው ይወስናል።" ዓይኑን አላነሣም። "እትዬ ፑሪንግ፣ ሜልባን እዚያ ሜዳ ላይ ብትወስጂያትስ ስንት ሳምንት ነው? እዚህ ከሆነች ግን በቤቷ ነው። ሠላሳ ሁለት ቤት ይተርፍባታል። ሁላችንም እናለቅስላታለን።"

ሰዉ ሁሉ ዙሪያውን ከቦ ቆሟል። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አልያዘኝም። ጎንበስ አልኩ። የኒካኖርን የቀዘቀዘ እጅ በሁለት እጄ አንሥቼ ክሩን በጥርሴ ያዝኩት። የሻማና የመድኃኒት ጣዕም ነበረው። ክሩ ናይሎን ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ድዴ ደማ። ነከስኩ፣ ጎተትኩ፣ እንደገና ነከስኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ለኒካኖር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክሩ ሲበጠስ ፍሬዎቹ በነጭ ሸሚዙ ላይ ተበተኑ። ያኔ ጣቶቹ ተላቀቁ። በገዛ ፈቃዳቸው፣ አንድ በአንድ።

ኦስሙንዶ ክዳኑን ዘጋው። "ይኸው" አለ።

በማግስቱ ሬሳ ያለበት ቤት አልነበረም። አፍራሾቹ ከጫፍ ቤት ጀምረው እስከ ቀትር ጨረሱ። ጭነት መኪና ላይ ስንወጣ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋን አቅፋ ጀርባዋን ሰጠችን። ሜልባ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተጋድማ ነበር። ከከተማው ከወጣን በኋላ ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች።

"እማዬ፣ የሳቤል ቀብር ቀን እኔ ከራስጌዋ ነበርኩ የተቀመጥኩት።"

ጸጉሯን ከግንባሯ ገለል አደረግኩላት።

"መቀሱን አየሁት። አየር ነው የቆረጥሽው። ኒካኖር እዚያው ቆሞ ነበር።" ትንሽ ዐረፈች፤ ትንፋሽ እያጠራት ነበር። "ለእሱ መቀስ በእጅሽ ይዘሽ እንቢ አልሽ። ለእኔ ሲሆን ጥርስ አበቀልሽ።"

"ላንቺ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ልወቅስሽ ያልቻልኩት። ግን እኔ ስሞት አንቺ አትጸልዪልኝ። ሌላ ሴት ይፈለግ። እጄንም እንዳትነኪው።"

ሜዳው ላይ ሦስት ሳምንት ቆየች። ሁለት ጊዜ ሦስት መኪና ቀያይሬ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን ሰውነቷ አልቻለውም። የሞተችው ጠዋት ላይ ነው፣ ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አዙራ።

ከሌላ ሰፈር ከተነሡት ውስጥ ጸሎት እመራለሁ የምትል ሴት ተገኘች። ወጣት ናት፣ ጸሎቱን ትሳሳታለች፣ መልሱን ከጥያቄው ታስቀድማለች። እኔ ውጪ ከሰው ጋር ተቀምጬ ዘጠኝ ቀን ሙሉ "አሜን" አልኩ። ከቦዩ ዳር ሰዎች የመጣ አልነበረም። ሣጥኑ ሲዘጋ አልተነሣሁም፣ መቀስ ይዛ እንደሆነም አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለች ሴት ደንቡን ከየት ታውቀዋለች ብዬ አሰብኩ። እንዳታውቀው ጸለይኩ። ክሩ ካልተቆረጠ ሟች መጀመሪያ የሚጎትተው ከገዛ ቤቱ ነው፤ ከሜልባ ቤት የቀረሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ከቀብር ስመለስ ቤቱን ጠረግኩ። ንጹሕ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጸጉሬን አበጠርኩ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ምንጣፉ ላይ ተጋደምኩ። በማግስቱ ነቃሁ። ሳቤል አንድ ቀን ነው የወሰደባት፣ ኒካኖር አራት። አራት ቀን ጠበቅኩ፣ ዘጠኝ ቀን፣ አርባ ቀን። አሁን ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ጠዋት ጠዋት እነቃለሁ፣ ጉልበቴ እንኳ ደኅና ነው።

ያቺ ወጣት ክሩን ቆርጣዋለች።